እምዬና ሦስቱ ማኅበሮቿ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)








የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ይህን መድረክ ሲሰጠኝ «ስለ ሴቶች ተሳትፎ አንድ ነገር በል» ብሎኝ ነበር። እኔም እንደ ወጉ የአባላት ብዛት በፆታ ተለይቶ የተቀመጠበትን ሠንጠረዥ ይዤ ለመቅረብ አስቤ ነበር። ነገር ግን ሠንጠረዡን አብዛኞቻችሁ በየሩብ ዓመቱ ታዩታላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ራሳችሁ ትሞሉታላችሁ። ስለዚህ እሱን ትቼ ስለ አንዲት አባል ብቻ እናገራለሁ። ይህች አባል አያቴ ናት። በ2013 ዓ.ም. በጥር ወር አርፋለች።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ይቅርታ ልጠይቅ። እንዲህ ባለ መድረክ ስለ አንዲት ከሰማንያ ዓመት በላይ ስለኖረች ባልቴት ሲነገር «እሳቸው» ማለት ይገባል። እኔ ግን አፌን የፈታሁት በእሷ ጉያ ሆኜ ነው፤ «አንቺ» እያልኩ ነው ያደግሁት። ዛሬ «እሳቸው» ብል ስለ ሌላ ሰው የማወራ ይመስለኛል። እኛ የልጅ ልጆቿ «እምዬ» እንላት ነበር። ጎረቤቱም ቀስ በቀስ ይህን ስም ከእኛ ወሰደውና በመጨረሻ የቀበሌው ሊቀ መንበር እንኳ «እምዬ» ነበር የሚላት።

እምዬ በትክክል የስንት ዓመት ሰው እንደነበረች የሚያውቅ የለም። ከሞተች በኋላ ሳጥኗ ሲከፈት በጨርቅ የተጠቀለሉ ሦስት ሰነዶች ተገኙ። አንደኛው የቀበሌ መታወቂያዋ፣ ሁለተኛው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሯ፣ ሦስተኛው የማኅበሩ የአባልነት ደብተሯ ነው። ሦስቱ ሦስት የተለያየ ዕድሜ ይናገራሉ፤ በመካከላቸው የአሥራ አንድ ዓመት ልዩነት አለ። ጸሐፊ ሁሉ ፊቷን እያየ የመሰለውን ጽፏል ማለት ነው። እሷ ራሷ ዕድሜዋን የምትቆጥረው በዘመነ መንግሥትና በክፉ ቀን ነበር። ጣሊያን ወደ እኛ አገር የገባ ጊዜ እናቷ አዝላት ወደ ጀማ ገደል እንደወረደች ተነግሯታል። ወረራው የ1928 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ ተነሥተን ስናሰላ ስታርፍ ከሰማንያ አምስት ዓመት አታንስም ነበር እንላለን።

የእኛን አገር ለማታውቁ እንግዶች ጥቂት ልግለጽ። ሞረትና ጅሩ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ ወረዳ ነው፤ ዋና ከተማው እነዋሪ ይባላል። ከጀማ ገደል በላይ ያለው ሜዳ ጠፍጣፋ ነው፤ ዛፍ እምብዛም ስለሌለው ማገዶው ኩበት ነው። አፈሩ ጥቁር ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ውኃ ይቋጥርና እንደ ሊጥ ይሆናል። ስንዴውን፣ ባቄላውን፣ ምስሩን፣ ጤፉን፣ ጓያውን ይሰጣል፤ የጅሩ ሰንጋም በየገበያው ስሙ የታወቀ ነው። ሆኖም ይህ አፈር ውኃው ካልወጣለት ዘርን በሐምሌ ያበሰብሳል። ስለዚህ በእነዋሪ ሜዳ ከጥንት ጀምሮ ስንዴና ባቄላ የሚዘራው በመደብ ላይ ነው። ዘሩ ከተበተነ በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ ማሳ ላይ ይወርድና ከቦዩ አፈር እየዛቀ ወደ መደቡ በእጁ ያወጣል። አፈሩ ዘሩን ይሸፍናል፣ ቦዩ ደግሞ ውኃውን ያስወጣል።

ይህን ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ወንዱ ያርሳል፣ ይዘራል። ሴቲቱ ጎንበስ ብላ ከጠዋት እስከ ማታ ጭቃ ትዝቃለች፤ ሕፃን ካላትም ከጀርባዋ ታዝሏል። እምዬ ካገባችበት ከአሥራ አራት ዓመቷ አካባቢ ጀምሮ ጉልበቷ እስኪደክም ድረስ በየክረምቱ ይህን ሠርታለች። ዘጠኝ ወልዳ አምስት አሳድጋለች። ከአምስቱ አንዱን፣ ማለትም አባቴን፣ የወለደችው በሐምሌ ወር መደብ ስታወጣ ውላ ማታ ቤት እንደገባች ነው። ይህን እንደ ጀብዱ አልነገረችኝም። የነገረችኝ አባቴ ክረምት እንደማይወድ ስትገልጽ ነው።

አሁን ወደ ማኅበራት ልምጣ። ምክንያቱም እምዬ በሕይወቷ ሦስት ማኅበር ታውቃለች፤ ሁልጊዜም አንዱን በሌላው ትለካ ነበር።

የመጀመሪያው የማርያም ማኅበር ነው። በየወሩ በሃያ አንድ አሥራ ሁለት ሴቶች በየተራ ይደግሳሉ፣ ጽዋ ይጠጣሉ። የታመመ ካለ ይጠየቃል፤ የተቸገረ ካለ ተራው ይዘለልለታል፣ ሌላው ይሸፍንለታል። ማንም ሰው ትልቅ ዋንጫ የለውም። ጠላ አቅጥና ያቀረበች በሚቀጥለው ወር እስክትረሳ ድረስ ትታማለች። ይህ ማኅበር በወረቀት የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ የለውም፤ ሆኖም እምዬ ከሃምሳ ዓመት በላይ አባል ስትሆን አንድም ጊዜ ተራዋ ሳይደርሳት ወይም ተራዋን ሳትወጣ ቀርታ አታውቅም። «ማኅበር ማለት ተራ የሚደርስበት ነው» ትል ነበር። ይህን አባባሏን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው የገበሬ ማኅበር ነው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ እምዬና ባሏ ከፊሉን በርስት፣ ከፊሉን በእኩል ያርሱ ነበር። በእኩል የሚያርሱት መሬት የራሳቸው ሲሆን ደስ አላት፤ ያንን ደስታ እስከ ዕለተ ሞቷ አልካደችም። ስለ ደርግ ክፉ ሲወራ «እኩል መስጠት ያስቀረልንን ግን አንርሳ» ትል ነበር። በ1970 ዓ.ም. ባሏ ሞተ። ከዚያ በኋላ የቤቱ ኃላፊ እሷ ሆነች፣ በገበሬ ማኅበሩ መዝገብም በባሏ ቦታ ገባች።

እንደምታውቁት በባህላችን ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም። እምዬ ሁለት በሬ ነበራት፣ መሬት ነበራት፣ አራሽ ግን አልነበራትም፤ ትልቁ ልጇ ገና ሞፈር የማይጨብጥ ነበር። ለሦስት ዓመት ያረሰላት የባሏ ወንድም ሲሆን እሷ ደግሞ በምላሹ የእሱን ማሳ መደብ ታወጣለች፣ ታርማለች፣ ለደቦው ትደግሳለች። የአንድ ቀን እርሻ በስንት ቀን መደብ እንደሚመለስ አስልታ ትይዝ ነበር። ለአጎታችን አንድም ቀን ዕዳ እንዳላስተረፈች እሱ ራሱ በቀብሯ ላይ ተናግሯል።

ከዚያ ኮታው መጣ። በ1970ዎቹ ዓመታት እያንዳንዱ ገበሬ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተወሰነ ዋጋ እህል እንዲያስገባ ይገደድ እንደነበር ታላላቆቻችሁ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። ዋጋው ከገበያው ዋጋ በታች ነበር። ምርት የጎደለበት ሰው ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ማስገባት ነበረበት። እምዬም አንድ ዓመት ስንዴዋን ዋግ መታባትና ሁለት በግ ሸጣ ጤፍ ገዛች። የገዛችውን ጤፍ በአህያ ጭና ወስዳ ለማኅበሩ መጋዘን አስረከበች። በእጇ የተመለሰው ገንዘብ የአንዱን በግ ዋጋ አልሞላም። ይህን ታሪክ ስትነግረን ሁልጊዜ የምታቆመው እዚያው ላይ ነበር። «ሁለት በግ ይዤ ወጣሁ፣ የአንድ በግ ዋጋ እንኳ ይዤ አልገባሁም፤ እሱም ማኅበር ተብሎ ነው» ትላለች።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የእኛም አካባቢ ተጎድቷል። ስለዚያ ዓመት እምዬ ብዙ አታወራም ነበር። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጎታው ሁለት ነበር፤ የምግቡና የዘሩ። የዘሩን ጎታ አፍ በእበት ለስና ዘጋችው። ልጆቹ የጓያ ቂጣ እየበሉ ያ ጎታ እስከ ሰኔ አልተከፈተም። ጓያ ሲበዛ እግር እንደሚያሽመደምድ ታውቅ ስለነበር ለልጆቹ ትንሽ ትንሽ ከሌላ እህል ጋር እየቀላቀለች ትሰጣለች፤ እሷ ግን ጓያውን ብቻ ትበላ እንደነበር አክስቴ ነገረችኝ። እምዬ እስከ መጨረሻው ደረጃ ስትወጣ የግራ እግሯን ትጎትት ነበር። ከዚያ ይሁን ከሌላ ሐኪም ያረጋገጠልን ስለሌለ አልናገርም።

በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚው ታወጀ፣ ኮታው ቀረ፣ በተከታዩ ዓመትም መንግሥት ተለወጠ። በብዙ ቦታ እንደሆነው በእኛም ቀበሌ የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሱቅ ተዘርፎ በሩ ሳይቀር ተወሰደ። እምዬ አልዘረፈችም። «ጨውና ሳሙናው የእኔም ነበር፤ የራሴን እንዴት እዘርፋለሁ?» አለች ይባላል። ነገር ግን ዕጣ ገዝታ የከፈለችው ገንዘብ የት እንደደረሰ ጠይቃ መልስ የሰጣት ሰው አልነበረም።

እንግዲህ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ወጥቶ በቀበሌያችን ሦስተኛው ማኅበር ሲደራጅ እምዬ የነበረችበት ሁኔታ ይህ ነው። አደራጆቹ መጥተው «በፈቃደኝነት ነው፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው፣ ትርፍ ይከፋፈላል» እያሉ አስረዱ። እሷ አዳምጣ «ያኛውም ሲመጣ ጥሩ ጥሩ ይናገር ነበር» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። አባቴ ተመዘገበ፣ እሷ አልተመዘገበችም። ለብዙ ዓመት ማዳበሪያ የምትወስደው በእሱ ስም ነበር።

አባል የሆነችው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ እንዴት እንደሆነች እኔ ራሴ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ማኅበሩ እህል መግዛት የጀመረበት ዓመት ነበር። ሰው ሁሉ «ነጋዴው በኪሎ አምስት ሳንቲም ይጨምራል፣ ለምን ለማኅበሩ እንሸጣለን?» ይል ነበር። እምዬ ምንም አላለችም። አንድ የገበያ ቀን አፉ ያልተፈታ የዩሪያ ከረጢት አህያ ላይ አስጫነችና እኔንና እኅቴን አስከትላ ወጣች። እኔ አህያ እነዳለሁ፤ እኅቴ ስድስተኛ ክፍል ስለነበረች ቁጥር ለማንበብ ነው የመጣችው።

መጀመሪያ ነጋዴው ዘንድ ሄድን። «ይህን ማዳበሪያ ከጎረቤቴ ጋር ልካፈለው ነው፣ እስቲ ስንት እንደሆነ መዝንልኝ» አለችው። መዘነላት። እኅቴ አነበበች፤ አርባ ስድስት ኪሎ። እምዬ አመስግና አስጫነችና ወደ ማኅበሩ መጋዘን አመራን። እዚያም እንዲሁ ብላ አስመዘነች። ሃምሳ ኪሎ። ከዚያ እኅቴን «ከረጢቱ ላይ ምን ይላል?» አለቻት። እኅቴ «ሃምሳ» ብላ አነበበች። እምዬ ከረጢቱን በእጇ መታ መታ አድርጋ «እሺ» አለች። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ብር ፈታች፣ የመመዝገቢያውንና የሁለት ዕጣ ዋጋ ከፍላ በራሷ ስም አባል ሆነች። ብሩን ይዛ መውጣቷን እኛ አላወቅንም ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ «በኪሎ አምስት ሳንቲም የሚጨምር ሰው ከሃምሳው ኪሎ አራቱን ይወስዳል» ብላ ለእኅቴ ስሌቱን ሠርተሽ አምጪ አለቻት። ዛሬ የኅብረት ሥራ ማኅበርን ጥቅም ሳሠለጥን ከማንኛውም ማንዋል ይልቅ ይህን ታሪክ ነው የምናገረው፤ ሠልጣኙ ከአዳራሽ ወጥቶ ወደ ሚዛን ሲሄድ ስላየሁ።

ይህን ስል ግን ማኅበሩ ከእምዬ ፈተና ሁሉ አልፏል ማለቴ አይደለም። በዓል ላይ ቢሆንም እውነቱን መናገር ይገባል። እምዬ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከኋላ፣ ከሴቶቹ ጋር ትቀመጥ ነበር። በአንድ ዓመት ሪፖርቱ ተነብቦ ካበቃ በኋላ እጇን አወጣችና ተነሥታ «የዓምናውን ትርፍ ሳትነግሩን የዘንድሮውን ዕቅድ ምን ታነቡልናላችሁ?» አለች። ሒሳቡ ለሁለት ዓመት አልተመረመረም ነበር። የኮሚቴው መልስ «ኦዲተር ስላልመጣልን ነው» የሚል ሆነ። እሷም «በማርያም ማኅበር ተራው የደረሰው ሰው ጌሾ ስላላገኘሁ ነው ቢል እንሰማዋለን፣ በሁለተኛው ወር ግን አንሰማውም» አለች። ሰው ሳቀ። ኮሚቴው ግን ያን ክረምት ኦዲተሩን ሄዶ አመጣው፤ በኅዳርም የትርፍ ክፍፍል ተደረገ። የእሷ ድርሻ ብዙ አልነበረም፤ ግን ተራዋ ደረሰ።

አዋጁ ሒሳብ በየዓመቱ እንዲመረመር እንደሚያዝ ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት መሠረታዊ ማኅበር ሒሳቡ ሳይመረመር እንደተቀመጠ የምታውቁ ኃላፊዎች አላችሁ፤ እኔ አልናገርም። እምዬ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ግን እንደምትጠይቃችሁ ጥርጥር የለኝም።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር። በ2009 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ለተግባር ልምምድ ወደ ቀበሌያችን ተመደብኩ። ሥራችን የቤተሰብ መረጃ ቅጽ መሙላት ነበር። የራሳችንን ቤት ከሁሉ በፊት ሞላሁ፤ ቀላል መሰለኝ። ማታ እሳት ዳር ሆነን እምዬ «እኔን ምን ብለህ ጻፍከኝ?» አለችኝ። አነበብኩላት። ዕድሜ ሰማንያ፣ የትምህርት ደረጃ የለም፣ ሥራ የለም፣ ጥገኛ።

«ጥገኛ ማለት ምንድን ነው?» አለች።

«በሌላ ሰው የሚኖር ማለት ነው» አልኳት።

ዝም አለች። ጥቂት ቆይታ «አባትህ የሚያርሰው የማን መሬት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በደብተሩ ላይ ያለው የእሷ ስምና የእሷ ፎቶግራፍ ነበር። «ከብቱ በማን ግጦሽ ይውላል? ዓምና የተዘራውን ባቄላ ማን ለየው? የአንተ የኮሌጅ መሄጃ የተሸጠው ሰንጋ በማን ጓያ ደለበ?» አለች። ድምፅዋ አልጨመረም። በመጨረሻ «ማን በማን እንደሚኖር ሳትጠይቅ ነው የጻፍከው፣ ልጄ» አለችኝ።

በማግሥቱ ቅጹን አስተካከልኩ። የሥራ ዓይነት በሚለው ላይ ግን ለእሷ የሚሆን ቁጥር በቅጹ ውስጥ አልነበረም፤ «ሌላ» በሚለው ላይ ምልክት አድርጌ አለፍኩ። ያን ጊዜ «አርሶ አደር» ማለት እንደምችል ለምን እንዳልታየኝ ዛሬ ይገርመኛል። ምናልባት አርሶ አደር ሲባል በአእምሮዬ የሚመጣው ጅራፍ የያዘ ወንድ ስለነበረ ይሆናል።

ከተመረቅሁ በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት፣ ስለ መደብና ቦይ ማውጫ ማረሻ ለማሳየት በአባቴ ማሳ ላይ ሠርቶ ማሳያ አዘጋጀሁ። ይህ መሣሪያ ሁለት ማረሻ አጣምሮ በበሬ የሚሳብ ሲሆን፣ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና አርባ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ያወጣል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ የጥቁር አፈር ጥናት የጋራ ፕሮጀክት ሲጀመር እነዋሪ ከሙከራ ቦታዎቹ አንዷ ነበረች። እኔ በኮሌጅ የተማርኩት እንደ አዲስ ቴክኖሎጂ ነው። ለተሰበሰቡት አርሶ አደሮችም «ዘመናዊ አሠራር» እያልኩ ገለጽኩ።

እምዬ ከማሳው ዳር በበርጩማ ተቀምጣ ነበር። ስጨርስ በትሯን ተደግፋ መጣችና ጎንበስ ብላ መደቡን በክንዷ ለካችው። ሁለት ክንድ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ቦዩንም ለካች። «የእኛም ይኸው ነበር» አለች። ከዚያ እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። የጣቶቿ አንጓዎች ያበጡ፣ ሁለቱ ጣቶቿ የማይዘረጉ ነበሩ። ሐፍረት ተሰማኝና «እምዬ፣ እንግዲያ የእናንተው ይሻል ነበር ወይ?» አልኳት። እሷ ግን ያለፈውን የምታሞጋግስ ሰው አልነበረችም። «ምን ትላለህ፣ ይኸ ማረሻ ቀድሞ ቢመጣ ጀርባዬ ይተርፍ ነበር። ግን ለሰዎቹ ስትናገር ከየት እንደመጣ ንገራቸው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሳሠለጥን በመጀመሪያ እናቶቹን «በእጅ ስታወጡ ስፋቱን በምን ትለኩ ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዷ በክንድ ትላለች፣ አንዳንዷ በእርምጃ። ስለ ውኃው አወራረድ ወደ የትኛው አቅጣጫ ቦዩ መዞር እንዳለበት ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ አሉ፤ በአንድ ማሳ ላይ እኔ ያመለከትኩትን አቅጣጫ አንዲት እናት አስቀይራ፣ በነሐሴ ዝናብ ትክክለኛዋ እሷ ሆና ተገኝታለች።

እምዬ የታመመችው ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት እናቴን፣ ማለትም ምራቷን፣ ጠርታ አንድ ነገር ተናገረች። «የማኅበሩ ዕጣ ያንቺ ነው» አለቻት። መሬቱን፣ ከብቱንና ሌላውን ቀደም ብላ በሽማግሌ ፊት ተናግራ ነበር፤ ዕጣው ግን ለብቻው ቀርቶ ነበር። አባቴ ሰምቶ «እኔ አባል አይደለሁም እንዴ፣ ለእሷ ምን ያደርግላታል?» አለ። እምዬ «አንተ ተራህ ይደርስሃል፤ እሷ የምትቀመጠው የት ነው?» አለችው። አባቴ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። በብዙዎቻችን ቤት እንዳለው ነው፤ ባል አባል ከሆነ ቤቱ አባል ሆነ ይባላል። ሕጉ ባልና ሚስት ሁለቱም አባል እንዳይሆኑ አይከለክልም፤ የከለከለው ልማዳችን ነው። እናቴ ለብዙ ዓመታት ለዚህ ማኅበር የሚገባውን ስንዴ አርማለች፣ አበጥራለች፣ ጆንያውን ሰፍታለች። በጠቅላላ ጉባኤ ግን አንድ ቀን ተቀምጣ አታውቅም።

ቀብሯ ላይ የተሰበሰበው ሰው ብዙ ነበር። የአርባዋ ዕለት የተሰቀለው ፎቶግራፍ ከይዞታ ደብተሯ ላይ አጉልተን ያሳተምነው ነው፤ በሕይወቷ ከተነሣቻቸው ፎቶግራፎች የመጀመሪያው እሱ ነበር። ካሜራውን ትክ ብላ እያየች ነው። ሚዛን የምታይ ትመስላለች።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር እናቴን ይዤ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የውርሱን ማስረጃ አቀረብን። ጸሐፊው ወጣት ልጅ ነው፣ አክብሮ ተቀበለን፤ ሆኖም ወዲያው «እማማ፣ ባለቤትዎ እኮ አባል ናቸው፣ በእሳቸው ላይ ቢደመር አይሻልም?» አላት። እናቴ ሰው ፊት ብዙ የማትናገር ናት። መልስ ከእኔ የምትጠብቅ መስሎኝ ልናገር ስል፣ የእምዬን የአባልነት ደብተር ከነጨርቁ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «የሰጠችኝ ለእኔ ነው» አለችው።

ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ። በእምዬ ስም ላይ በቀይ እስክሪብቶ አሰመረና ከሥሩ የእናቴን ስም ጻፈ። ዕድሜ ጠየቃት፣ የምታውቀውን ነገረችው። ሥራ በሚለው ዓምድ ላይ «የቤት እ» ብሎ ሲጀምር አየሁት።

«አርሶ አደር በለው» አልኩት።

ቀና ብሎ እኔን አየ፣ እናቴን አየ፣ እጆቿንም አየ። የጀመረውን ሰርዞ ጻፈው። እናቴ በአውራ ጣቷ ፈረመች። ከዚያ ደብተሩን በጨርቁ መልሳ ጠቅልላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና «ጉባኤው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችው።